ኮሰረት ከነእንጨቱ

እሺ፣ ደህና ናችሁ? ዛሬ ቅቤ ነው። «ደሞ ጀመራት» በሉ፣ ለምጄዋለሁ። ግን ቅቤው ብቻ አይደለም... እንጃ።

የሞጣዋን ታውቋታላችሁ። ስም የለም፤ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚቀጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 እያለ ስም አይጠራም። ደብረ ማርቆስ፣ እማዬ ጓዳ ነን። ለእማዬ «ጓደኛዬ» ናት።

እማዬ 2 ኪሎ ለጋ ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ እያሸች ታጥባለች፣ ውሃው እስኪጠራ። አሬራው ካልወጣ ቅቤው እሳት ላይ አረፋ ብቻ ይሆናል፣ ተቀምጦም ቶሎ ይሸታል። ከዚያ ለዘብ ያለ እሳት። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፤ ቀጥሎ ኮረሪማ፣ እርድ በሻይ ማንኪያ ግማሽ፣ አብሽ አንድ። አብሽ ከበዛ ይመርራል፣ ምንም አያስተካክለውም።

ኮሰረቱን ከነእንጨቱ አስራ ስትነክረው፣ የሞጣዋ አፏን መያዝ አቃታት፤ «የኛም ቤት እንዲሁ ነው! የተፈጨው ከማጥለያው ያልፋል፣ ቅቤውን ያጠቁረዋል።» እማዬ ቀና ብላ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው አየቻት። «የማን ልጅ ነሽ?» ብላ ጀመረች። እስከ አያት ሄዱ፣ እኔን ረስተውኝ።

ቆይ፣ የመውጫውን ነገር ልናገር፣ ብዙዎች እዚያ ነው የሚያበላሹት። መንጣጣቱ ጋብ ሲል፣ አረፋው ሲቀንስ፣ ዝቃጩ ወርዶ የድስቱ ታች ሲታይ ታወጡታላችሁ። ቀድማችሁ ካወጣችሁት ውሃ ይቀርበታል፣ ይበላሻል። ከዘገያችሁ ነጭ ሽንኩርቱ ያርና ቅቤው ይመርራል።

እና... አጠለለችው። ጠርሙሱን ሞላች። ለማን ሰጠች? ለእኔ አይደለም! ለእሷ። «ይቺ ችኩል ናት፣ እሳት ታበዛለች። አንቺ ጠብቂላት» አለቻት። ከዚያ እጇን በነጠላዋ ጠረገች፣ ወደ ምድጃዋ ዞረች። በቃ።

አንቺ ጠብቂላት። ምኑን? ቅቤውን ነው፣ አዎ፣ ቅቤውን ነው። ግን እማዬ እኮ ሁሌ ስሸኝ «መቼ ነው የምንድርሽ?» ሳትል በሩን አታሻግረኝም። የዚያን ቀን አላለችም። ሐሳቧ ድስቱ ላይ ስለነበረ ይሆናል። እንግዳ ፊትም ሊሆን ይችላል፤ ግን እንግዳ ፊትማ እንዲያውም ድምፅ ጨምራ ነው የምትለው። የሞጣዋ «አታጋኚ» ትለኛለች። እሷው ግን ያን ጠርሙስ እስከ ባሕር ዳር ከጭኗ ላይ አላወረደችውም፣ ክዳኑን ላላ አድርጋ፣ ትኩሱ ከተከደነ ያልበዋል ብላ።

ለፋሲካ ሁለታችሁም ኑ ተብለናል። አባዬ ካረፈ ወዲህ ፈረሰኛዋ ብልት ለእንግዳ ነው የምትወጣው። እንግዲህ እሷ እንግዳ ከሆነች ለእሷ፤ ካልሆነች ደግሞ... እንጃ፣ ሌላ ሰውም ሊመጣ ይችላል። ዶሮውን ሌላ ቀን፣ አሁን ስለሱ ማውራት አልፈልግም።