ሶሻል ወርከር ገጠር ላይ የት ይገኛል?

የተከበራችሁ የእድር ዳኞች፣ እህቶቼ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ እንደምን አደራችሁ?

እኔ ሶሻል ወርከር፣ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ነኝ። አንድ ጊዜ ደምቢያ ውስጥ አንድ ቤት ገብቼ ይህንኑ ብናገር እናትዮዋ ጆንያ ፍለጋ ተነሡ። ስንዴ የማድል መስሏቸው ነው። አልፈርድባቸውም። ሰው የሚያውቀን እርዳታ ስንመዘግብ ነው።

እኔ ግን የሄድኩት ለልጃቸው ነበር። ሆስፒታል የአእምሮ መድኃኒት ታዝዞለት ሁለት ወር ወስዶ ትቶታል። ለምን እንደተወው የጠየቀው የለም። ቁጭ ብለን ስንጫወት ነገሩ ወጣ። መድኃኒቱ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ እርሻ ላይ ይደክማል፤ ሰፈሩ “ሰነፈ” ይለዋል። ስድቡን ከምሰማ ብሎ ክኒኑን ጣለው።

ክሊኒካል ሶሻል ወርከር፣ ማለትም ከበሽተኞች ጋር የሚሠራው፣ መድኃኒት አያዝም። ሥራው ይኸው ነው፦ በሽተኛውን ማነጋገር፣ ቤተሰቡን ማስማማት፣ ሐኪሙ የማያየውን ቤት ማየት። የልጁን ነገር ለሐኪሙ ነገርኩት፤ የሚወስድበት ሰዓት ወደ ማታ ተዛወረ።

ታዲያ የት ይገኛል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጤና ኬላ ላይ አይገኝም። ጤና ጣቢያም እምብዛም ነው። መንገዱ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አስጽፎ ወደ ሆስፒታል ነው። ወረቀቱን አትዝለሉ፤ የጤና መድን ያለው ሰው ያለ ሪፈር ቀጥታ ጎንደር ቢመጣ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ሆስፒታል ስትደርሱ “ሶሻል ወርከር አላችሁ ወይ?” ብላችሁ አፍ አውጥታችሁ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ላይጠሩላችሁ ይችላሉ። ወረዳ ላይ ደግሞ የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮውን ጠይቁ።

ጥቂት ነን። ትምህርቱ ራሱ በደርግ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ ተቋርጦ ነበር። እንዲያ ባይሆን ዛሬ ስንት በሆንን!

በ1947 ዓ.ም. እዚህ ጎንደር የጤና ኮሌጁ ሲከፈት፣ ከዚያ በፊት ደምቢያን ወባ ፈጅቷት ነበር። ኮሌጁ ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ቡድን እያሰለጠነ ወደ ገጠር ላከ። በሽተኛው ይምጣ ብሎ አልተቀመጠም። እኛም እንምጣ ነው የምለው።

የጎደለን ሰው የምናነጋግርበት ቤት ነው። ለአእምሮ ሕመም ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲቆም የታየ ሰው በማግስቱ ገበያው ሁሉ ያወራለታል። ስለዚህ ድንኳንና ብረት ድስት የምታስቀምጡበትን የእድር ቤት በወር አንድ ቀን ስጡን። እድር ቤት የገባን ሰው ለምን ገባህ የሚለው የለም።