«ዘፈኑ የማን ነው?»

የተከበራችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣ እንዲሁም ከመጋረጃው ጀርባ መሣሪያችሁን ታቅፋችሁ ተራችሁን የምትጠብቁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ?

ዛሬ ከኮምቦልቻ ስመጣ ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ ነበርና ሚኒባሳችን ዳገቱን በእርጋታ ነው የወጣው። ያንን ዳገት ከ18 ዓመቴ ጀምሮ ኪቦርዴን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አጋድሜ ስመላለስበት ኖሬአለሁ። ቅዳሜ ደሴ፣ እሑድ ኮምቦልቻ፣ በጥርና በሚያዝያ ደግሞ ሐይቅና ባቲ ድረስ። ሙዚቃን የተማርኩት ሠርግ ቤት ነው፣ ዳስ ውስጥ።

የሠርግ ኪቦርድ ተጫዋች መምረጥ አይችልም። የሙሽራዋ አክስቶች አምባሰል ይላሉ። የሙሽራው ጓደኞች ሬጌ ይፈልጋሉ። ከቆቦ የመጡት ዘመዶች ራይኛው ካልተጀመረ አይነሡም፤ ከከሚሴ የመጡት ኦሮምኛውን ይጠብቃሉ። እኩለ ሌሊት ሲሆን አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «ልጄ፣ እስቲ ትዝታ» ይላሉ፤ ዳሱ በሙሉ ጸጥ ይላል። ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ኪቦርድ። ታዲያ «ስልት ለምን ትቀላቅላለህ?» ብለው ሲጠይቁኝ መልሱ ይጠፋኛል። ሐሙስ ማታ የጎረቤት መንዙማ ከነድቤው፣ እሑድ ንጋት የቤተ ክርስቲያን ከበሮ በአንድ መስኮት እየገባለት ያደገ የወሎ ልጅ መለያየቱን ከማን ይማር?

ባቲን እንውሰድ። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በሰኞ ገበያዋ የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን፣ ማለትም ዜማ ከሚሠራባቸው የድምፅ ስብስቦች፣ አንዱም በስሟ ይጠራል። ባቲ ማይነርን ከዶ ብንጀምረው ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ነው። የአሜሪካ ጥቁሮች ብሉዝን የሚጫወቱት በእነዚሁ አምስት ድምፆች ላይ ተመሥርተው ነው። ሌላውን ቅኝት አምባሰልን ደግሞ፣ ማለትም ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላትን፣ ኮቶ የሚባለውን የጃፓን ባለ ክር መሣሪያ የሚደረድር ሰው ቢሰማው የአገሩ ዜማ መስሎት ቀና ይላል። ይህን ያወቅሁ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ብሉዝ ለመጫወት ከቤቴ መውጣት እንደማያስፈልገኝ ገባኝ።

ይሁንና ለመቀላቀል ድፍረት ብቻ አይበቃም። ለመጀመሪያው ሥራዬ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች አባት ለምኜ፣ እዚሁ ደሴ ተከራይቼ ወደምኖርባት ክፍል አመጣኋቸው። ክረምት ነበር። የቆርቆሮው ጩኸት ቀረፃው ውስጥ እንዳይገባብን ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ቡና እየጠጣን ተቀመጥን። ሲያባራ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ የደጋኑን ጭራ ዕጣን አስነኩት፤ እኔም የአምባሰልን ድምፆች በኪቦርዱ ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ ጀምረው ሁለት ጊዜ አቆሙ። «ልጄ፣ ያንተ ዕቃ ሁለተኛዋን ድምፅ ከፍ አድርጎ ይጠራታል። እሷ እንዲህ አይደለችም» አሉኝ። ጣታቸውን የጤፍ ቅንጣት ያህል ወደ ላይ ገፋ አድርገው ትክክለኛዋን አሰሙኝ። ልዩነቷን ጆሮ እንጂ ዓይን አያያትም። የኪቦርዱን ድምፅ ማስተካከያ ከፍቼ ያቺን ቁልፍ በእሳቸው ጣት ልክ ዝቅ አደረግኋት። እስከ ዛሬ አልመለስኳትም። ከሥሯ የኤሌክትሮኒክ ምት ሲገባ ሰውን ከመቀመጫው የምታስነሣው ያቺው ዝቅ ያለች ድምፅ ናት።

አሁን ወደሚከብደኝ ጉዳይ ልምጣ። ያ ዘፈን የእኔ አይደለም። ግጥሙን ጻፍኩ፣ ዜማውን ደረስኩ፣ አቀናበርኩ፣ ዘፈንኩት፤ ግን የእኔ አይደለም። አንድ አሳታሚ ለሚክሲንጉና ለክሊፑ ከፈለና ሦስት ገጽ ወረቀት አቀረበልኝ። ቆሜ ፈረምኩ። ደስታው ዓይኔን ጋርዶት ነበር። ሁለተኛውን ሥራ ይዤ ስሄድ «ይህ ባህላዊ ነው ወይስ ዘመናዊ? አድማጭ ግራ ይገባዋል፤ ማሲንቆውን አውጣው» ተባልኩ። አላወጣም ስል፣ የመጀመሪያውን ዘፈን በመድረክ ለማቅረብ እንኳን ፈቃድ መጠየቅ እንዳለብኝ ከዚያው ወረቀት ላይ አነበቡልኝ። ለእናቴ ስነግራት «የጎተራውን ቁልፍ ሰጥተህ ስለ እህሉ ምን ያስጠይቅሃል?» አለችኝ።

ስልትና ባለቤትነት አንድ ጉዳይ መሆናቸው የገባኝ ያኔ ነው። ዘፈኑ የሌላ ሰው ከሆነ፣ ማሲንቆው ይግባ ወይም ይውጣ የሚለውም ያ ሰው ነው። ስለዚህ ወደ ሠርጉ ተመለስኩ። ሦስት ዓመት ሠርቼ ላፕቶፕና አንድ ደህና ማይክሮፎን ገዛሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያወጣሁትን ሁሉ ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ራሴ ነው የቀረፅኩት።

ከእኔ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱ አሉ። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ ገና በወጣትነታቸው ያንን ገደብ ተዳፍረው የራሳቸውን አሳታሚ ድርጅት አቋቋሙ፤ ሸክላውን ህንድ አገር አስታትመው በዓለማየሁ እሸቴ ድምፅ ሥራ ጀመሩ። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ሸክላዎች አወጡ፤ የሙላቱ አስታጥቄም ኢትዮ ጃዝ ከእነዚያ መካከል አለ። ያ በር ባይከፈት ኖሮ ከዚያ ዘመን ሙዚቃ ስንቱ በእጃችን ይገኝ እንደነበር ማሰቡ ያስፈራኛል።

ከሁሉም በላይ ግን የማስበው ኃይሉ መርጊያን ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሲሄድ እሳቸው እዚያው ቀሩ። በ1985 ብቻቸውን ስቱዲዮ ገብተው፣ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋሕደው አንድ ካሴት አወጡ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዱ። ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዳቸውን ከታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥተው መኪናው ውስጥ ይለማመዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ያ ካሴት እንደገና ታተመና ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ። 28 ዓመት! ሐረጎን በወጣሁ ቁጥር፣ ጭኔ ላይ ያለው ኪቦርድ ሲከብደኝ፣ ያ ታክሲ ትዝ ይለኛል።

ከመጋረጃው ጀርባ ያላችሁ፣ ይህንን በደንብ ስሙኝ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ሕግ አለን፤ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ዜማና ግጥም ከደረሳችሁ መብቱ ከመነሻው የእናንተ ነው፤ በሕይወት እስካላችሁ ድረስ፣ ከእናንተም በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቻችሁ። ለሌላ ሰው የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው፤ ማለትም በዚያች ቆማችሁ በምትፈርሙባት ወረቀት። ገንዘብ የሚያስገኘውን መብት ብትሸጡት እንኳን ደራሲው እናንተ መሆናችሁ እንዲታወቅ የመጠየቅ መብታችሁ አብሮ አይሸጥም። ወረቀቱን ቤት ይዛችሁ ሂዱ። ለስንት ዓመት ነው? ለዚህ ዘፈን ብቻ ነው ወይስ ገና ላልሠራችሁትም? በመድረክ መዝፈንን ይጨምራል? መልሱን ሳታዩ እስክሪብቶ አታንሡ።

አብረዋችሁ የሚሠሩትንም አትርሱ። አዋጁ ከዋኞችን፣ ማለትም ዘፋኞችንና መሣሪያ ተጫዋቾችንም ይጠብቃል። እኔ ለዚያ የማሲንቆ አባት የቀኑን ገንዘብ ሰጥቼ አሰናበትኳቸው፤ ወረቀት አልሰጠኋቸውም፤ ክሊፑ ላይ ስማቸው የለም። ይህንን በአሳታሚው አላሳብብም፤ የእኔ ጥፋት ነው። በቀጣዩ ሥራዬ ላይ ስማቸው ከስሜ እኩል ተጽፏል፤ ከሚገኘውም ድርሻቸው ይደርሳቸዋል። ያችኛዋን ግን መመለስ አልቻልኩም።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ «ዘፈን ደግሞ ሥራ ነው?» የምትሉ መካከላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም፤ ለልጃችሁ እንጀራ ፈርታችሁ ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጃችሁ ውል ይዞ ቢመጣ አብራችሁት ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ቤት ሲሸጥ ሽማግሌ የምንጠራ ሰዎች፣ ልጃችን ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ንብረት ሲፈርም ለምን ብቻውን ይቁም?

እንግዲህ አላቆያችሁም። ዛሬ መጀመሪያ የምትወጣው እህታችን ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ክራሯን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝታለች። ከሰዓት በኋላ ስትለማመድ በሩ ላይ ቆሜ ሰማኋት። ቅኝቱ ባቲ ነው፤ ከሥሩ ያለው ምት ግን የየት አገር እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ገብቼ «ይህ ምት የማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ከክራሯ ቀና ሳትል «የእኔ ነው» አለችኝ።

እባካችሁ መብራቱን ቀንሱላት። ነይ እህቴ፣ መድረኩ ያንቺ ነው።