72 ደረጃ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ማወራችሁ ስለ ደረጃ ነው፣ አዎ ስለ ደረጃ፣ እኔና እማዬ ስለምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ። 72 ነው። ዘጠኝ ትወጣላችሁ ትዞራላችሁ፣ ደግሞ ዘጠኝ፣ አንደኛ ፎቅ፣ እንደዛ እያላችሁ አራተኛ ድረስ። የቆጠረችው እማዬ ናት፣ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ። አሁን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፣ የቷ ጫፏ እንደተሸረፈ፣ የቷ ላይ ክረምት ውሃ እንደሚቋጥር፣ የቱ ጋ ስትደርስ መደገፊያው ብረት እንደሚነቃነቅ።

ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ። እኛ ያደግነው ፒያሳ ሰራተኛ ሰፈር ነው፣ የቀበሌ ቤት። አንድ ክፍል፣ ጭቃ ግድግዳ፣ አንድ ሽንት ቤት ለስምንት አባወራ፣ ክረምት ሲገባ እማዬ ባልዲና ድስት ወለሉ ላይ ትደረድርና ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ እያለ ነበር ምንተኛው። ስለዚህ ኮንዶሚኒየምን ዝም ብሎ ሚያማርር ሰው ስሰማ ሆዴ ይከፋል፣ ምክንያቱም ከምን እንደወጣን እኔ አልረሳውም። በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ተባለ፣ ያኔ ከንቲባው አርከበ እቁባይ ነበሩ፣ ገርጂ ላይ የሙከራ ቤቶቹ ቆመው ነበር። እማዬ ከጎረቤት ጋር ተሰልፋ ተመዘገበች። ከዛ ጠበቀች። በ2005 እንደገና ተመዝገቡ ተባለ፣ 10/90፣ 20/80፣ 40/60 ሚባለው ያኔ ነው የመጣው፣ የመጀመሪያው ቁጥር ራሳችሁ ምትቆጥቡት ፐርሰንት ነው፣ ሁለተኛው ባንክ ሚያበድራችሁ፣ እሷ 20/80 ባለ አንድ መኝታ ብላ በየወሩ 274 ብር ንግድ ባንክ ታስገባ ጀመር። እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ይሄን ምታደርገው። አንድም ወር አላሳለፈችም፣ እኔ ደብተሯን አይቼዋለሁ፣ አስቤዛ ያጠረን ወር እንኳን 274ቷ ገብታለች።

በ2007 ዕጣው ወጣላት። ስሟን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ በጣቴ እየተከተልኩ ወርጄ ወርጄ፣ ስሟ ከነአያቷ እዛ አለ። ጋዜጣውን አጣጥፋ መፅሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከተተችው፣ አሁንም እዛው ነው ያለው። የካ አባዶ፣ አራተኛ ፎቅ።

አራተኛ ፎቅ ሚለውን የዛን ቀን ማንም ልብ አላለውም። ቤት ነዋ! የራሷ ቤት፣ በስሟ። እንደምታውቁት ከዕጣው 30 ፐርሰንቱ ለሴቶች ነበር ሚያዘው፣ እና እኔ ይሄ ነገር ትልቅ ስራ ነው ብዬ አምናለሁ፣ የእናቴ እናት በስሟ አንድ ስንዝር መሬት ሳይኖራት ነው የሞተችው። ቁልፍ ስንረከብ እማዬ መጀመሪያ የገባችው ሽንት ቤት ነው። በሩን ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ ዘጋችው። ከዛ እዛው ቆማ አለቀሰች።

ቤቱ እንግዲህ እንዳለቀ አድርጋችሁ አታስቡት። ወለሉ ሊሾ ነበር፣ ቀለም የለም፣ የውስጥ ግድግዳው አግሮስቶን ሚባለው ነው፣ እርጥበት አይወድም፣ ሚስማር ስትመቱበት ይፈረፈራል፣ ድምፅ ደግሞ አያስቀርም። ባንክ ብድሩን በየወሩ ይፈልጋል፣ ቤቱ ደግሞ ፊኒሺንግ ይፈልጋል፣ ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ አልቻለውም፣ ለዛ ነው ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን አከራይቶ እሱ ሌላ ቦታ ተከራይቶ ሚኖረው፣ ለአምስት አመት መሸጥ አይቻልም እንጂ ሚሸጠውም ብዙ ነበር። እኛ ገባን። ከዘመድ ተበድረን ገባን። ቁምሳጥኑ በደረጃው አልዞር ሲል በገመድ ታስሮ በውጪ በኩል ወደ በረንዳ ተጎተተ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያሉ ሰዎች፣ ገና ስማቸውን እንኳን ሳናውቅ፣ ግድግዳውን እንዳይመታ በመጥረጊያ እንጨት ገፋ ያረጉልን ነበር።

እና ያኔ ነው መግባት የጀመረኝ። እዚህ ህንፃ ላይ ህይወት ማለት መሸከም ነው። ሊፍት የለም፣ ጂ ፕላስ 4፣ ምድር ቤትና አራት ፎቅ ማለት ነው፣ እንደዛ ሆኖ የተሰራውም ለዛ ነው፣ ዋጋው እንዲቀንስ፣ ደሃው እንዲችለው። ሂሳቡ ይገባኛል። ግን የእኛ ሰው ኑሮ ሸክም አለበት። ጤፍ ይሸከማል፣ ከሰል ይሸከማል፣ ለፋሲካ በግ እየጎተተ ይወጣል፣ ልጅ አዝሎ ይወጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሃ።

ውሃው በፈረቃ ነው። ሚመጣ ቀን ሌሊት ስምንት ሰዓት አካባቢ ነው ሚመጣው፣ እማዬ ቧንቧውን ከፍታ ነው ምትተኛው፣ አየሩ ሽሽሽ ሲል ትነቃለች። ግን እኛ ጋ ብዙ ጊዜ አየሩ ብቻ ነው ሚደርሰው፣ ግፊቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያልቃል። ከዛ ምን ይሆናል መሰላችሁ፣ አንደኛ ፎቅ ያሉት፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ ሻምበል ነው ምንላቸው፣ ሌሊት በፒጃማና በጋቢ ወጥተው በረንዳቸው ላይ ይቆሙና "አራተኛዎች! ጎማ አውርዱ!" ይላሉ። ጎማ አውርደን ምን ዋጋ አለው፣ ወደ ላይ አይወጣም፣ ግን ሮቷቸው አጠገብ የኛን ጀሪካኖች ደርድረው በጎማው ይሞሉልናል። ሃያ ሊትር ጀሪካን፣ አምስት ስድስት። ከዛ እኔ 72ቷን እወጣለሁ እወርዳለሁ። እሳቸው እንቅልፋቸውን ትተው ሁሉም እስኪሞላ እዛ ይቆማሉ። አንድ ቀን "ሻምበል ይተኙ እኔ እሞላዋለሁ" ብላቸው "ልጄ፣ እኔ መሸከም አልችልም፣ መቆም ግን እችላለሁ" አሉኝ።

ይሄን ምነግራችሁ ሁሉም ነገር ደስ ይላል ለማለት አይደለም። ቡና ስንወቅጥ ከታች ጣሪያ ሚደበድብ ሰው አለ፣ የፍሳሽ መስመር ፈንድቶ ሶስት ሳምንት ማን ያሰራው እየተባባልን የተቀመጥንበት ጊዜ አለ። ቅዳሜ ሁሉም ምጣዱን ይሰካና መብራት ይሄዳል፣ ሊጡ እዛው ይኮመጥጣል። እኔን በጣም ያናደደኝ ግን የኮሚናሉ ነገር ነው። ኮንዶሚኒየም ምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ በየብሎኮቹ መሀል ለብቻዋ የተሰራችው ቤት፣ የጋራ መጠቀሚያዋ። አሳቡ በጣም ጥሩ ነበር፣ እንጀራ ሚጋገርበት፣ በግ ሚታረድበት፣ ልብስ ሚታጠብበት፣ ለቅሶ ሚቀመጡበት። ያሰበው ሰው የኛን ኑሮ ያውቃል ማለት ነው። የኛዋ ግን ተከራየች። ኮሚቴው አከራይቷት አሁን የሰው እቃ ማከማቻ ናት፣ በሯ ላይ ትልቅ ቁልፍ አለ፣ ገንዘቡ ለጥበቃ ነው ተባለ። ህጉ፣ አዋጅ 370/1995 ማለት ነው፣ የጋራ የሆነውን ባለቤቶቹ በማህበር እንዲያስተዳድሩት ነው ሚለው፣ እሺ፣ ግን ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ እዚህ አይኖሩም! ሚኖረው ተከራይ ነው፣ ተከራይ ደግሞ ስብሰባ አይጠራም። ለቅሶ ሲመጣ ወንበር ዘርግቶ ሚቀመጥበት የሚያጣው ግን እሱም ጭምር ነው። እኔ ሁለቴ ስብሰባ ላይ ተናግሬያለሁ፣ አሁንም እናገራለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ሶስተኛ ፎቅ ያሉ እናት አረፉ። የእማዬ የቡና ጓደኛ ናቸው። ማታ ነው ያረፉት፣ ሌሊቱን ሙሉ ቤቱ ሞልቶ ደረጃው ላይ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ነበር፣ ጠዋት ሳጥኑ መጣ። ወደ ላይ ባዶውን ነው፣ ቀጥ አርገው አቁመው፣ በግድም በምንም አዙረው አወጡት። ሲወርድ ግን ሊቆም አይችልም አይደል። ሰው ተኝቶበታል። ዘጠነኛዋ ደረጃ ላይ፣ መዞሪያዋ ጋ ሲደርሱ አልዞር አለ። ከፍ አረጉት፣ ጭንቅላቱ ግድግዳ ነካ። ዝቅ አረጉት፣ ብረቱ ያዘው። ወደኋላ መለሱት፣ እንደገና ሞከሩት። ልጃቸው ከላይ ቆማ ታያለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፣ እጄን ይዛኛለች፣ ለቅሶዋ ሁሉ ቆሞ ዝም ብላ ሳጥኑን ብቻ ታያለች፣ እናቷን እንዳይጥሉባት።

ከዛ ከፊት ከያዙት አንዱ፣ ፊት ለፊታችን ያለው ቤት ከሚኖሩ ተከራይ ልጆች ነው፣ ሶስት ናቸው፣ ማታ ነው ሚገቡት ጠዋት ይወጣሉ፣ ሰላም ከማለት ውጪ አናውቃቸውም ነበር፣ እሱ "ወደ ቤት እንመልሳቸው" አለ። መለሷቸው። ከሳጥኑ አውጥተው በወፍራም ጋቢ ጠቅልለው፣ ሶስት በዚህ ሶስት በዛ ሆነው በእጃቸው ይዘው አወረዷቸው። በጣም ቀስ ብለው። በየመዞሪያው ያ ልጅ "ቆይ ቆይ... እሺ አሁን" ይላል። በየፎቁ በር እየተከፈተ ሰው ወጥቶ ቆሟል፣ ማንም ድምፅ አላወጣም፣ የእግር ኮቴ ብቻ ነው ሚሰማው። ሳጥኑ ባዶውን ከኋላ ተከተለ። ምድር ላይ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ በተተከለው ድንኳን ውስጥ፣ እንደገና አስተኟቸው፣ ያኔ ነው ልጅቷ የጮኸችው።

እማዬ አልወረደችም። የዛን ቀን ወርዳ መመለስ እንደማትችል ታውቃለች፣ በረንዳ ላይ ቆማ ነው ጓደኛዋን የሸኘቻት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከላይ ወደ ታች እያየች። ለቅሶ ላይ መድረስ ለእናቴ ትውልድ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። እስካሁን ያንን ታነሳዋለች። "አፈር ሳላለብሳት" ትላለች።

ከዛን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር በውስጤ አለ። ዕጣው እድሜ አይጠይቅም። የምድር ቤቱ ደግሞ ስንቱ ብሎክ ላይ ሱቅ ነው፣ በጨረታ ነው ሚሸጠው። አስር አመት ጠብቃ ሽማግሌ ለሆነች ሴት አራተኛ ፎቅ፣ ለሃያ አምስት አመት ጎረምሳ አንደኛ ፎቅ ሊወጣ ይችላል፣ እና ወጥቷል። ሰው ቤቱን ሲመርጥ እንዲያማርጥ አይደለም ምለው። ስልሳ ያለፈው ሰው፣ ጉልበቱ ወይ ልቡ የታመመ ሰው፣ ከታች ፎቆች ውስጥ ዕጣ ይውጣለት። ቤት ከደረሳቸው መሀል በስምምነት ፎቅ መለዋወጥ ሚፈልጉ ካሉ አሰራሩ ቀላል ይሁንላቸው። ለወደፊት ሚሰሩትም ላይ መዞሪያዋ ሃምሳ ሳንቲሜትር ትስፋ፣ ሳጥን ትዙርበት። ይሄ ሊፍት አይደለም፣ ሃምሳ ሳንቲሜትር ነው።

ከለቅሶው ሳምንት በኋላ ሁለተኛና ሶስተኛ ፎቅ መሀል፣ መዞሪያዋ ላይ፣ ዱካ ተቀምጣ አገኘን። የእንጨት ዱካ፣ አዲስ አይደለችም፣ እግሯ ላይ ጎማ ተመቶባታል እንዳትንሸራተት። ማን እንዳስቀመጣት አልተናገረም። እማዬ ስትወጣ እዛ ላይ ታርፋለች፣ እና እዛ ስትቀመጥ ሚወጣውም ሚወርደውም ይቆማል፣ "እማማ እንዴት አደሩ" ይላል፣ ዘንቢሏን ይቀበላታል፣ አንዳንዴ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው እትዬ ቡናውን ስኒ ውስጥ ቀድታ እዛው ታመጣላታለች። በሳምንት አንዴ ትወርድ የነበረችው አሁን ሁለቴም ትወርዳለች። ከወር በፊት ያ ተከራይ ልጅ ዱካዋን ገልብጦ ጎማውን ሲቀይር ነው ያየሁት። ምንም አላልኩትም፣ እሱም አየኝና ሳቅ አለ፣ በቃ።

ቤታቸው ኪራይ ተጨምሮባቸው መስከረም ላይ ይለቃሉ መሰለኝ። እማዬ እስካሁን አልሰማችም።

ዛሬ እሁድ ነው፣ ቅዳሴ ወጥቷል፣ ደወሉን ሰምቻለሁ፣ ይሄን ጊዜ ከታች ደርሳለች። ዘንቢል ይዛለች፣ ልውረድላት። ሳምንት እንገናኝ፣ ቻው።