የወይን ጠጅ አጠማመቅ መጽሐፍ ስትመርጡ መጀመሪያ የሰልፋይቱን ገጽ ክፈቱ

ክቡራትና ክቡራን፣ ወይን ጠጅን በቤታችሁ ለመጥመቅ የተነሣችሁ ወዳጆች፣

ጀማሪ ሰው መጽሐፍ ሲመርጥ ብዙ ጊዜ የሚያማልለው የአዘገጃጀቱ ብዛት ነው። ከዚህም ከዚያም ፍሬ የሚጠመቅ መቶ ዓይነት ወይን ጠጅ ተዘርዝሮ ሲያይ ያተረፈ ይመስለዋል። እኔ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ያንን ዝርዝር ዝለሉትና ስለ ሰልፋይት የሚናገረውን ገጽ ፈልጋችሁ አንብቡ። ደራሲው ሥራውን ማወቁ እዚያ ይታያል።

ሰልፋይት ወይኑን ከአየርና ከባክቴሪያ የሚጠብቅ የሰልፈር ውህድ ነው፤ ኃይሉ ግን በወይኑ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ይወሰናል። ፒኤቹ 3.2 በሆነ ወይን ውስጥ በሊትር 21 ሚሊ ግራም ያህል ነጻ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ (ከሰልፋይቱ የሚገኘውና ከሌላ ነገር ጋር ያልተጣመረው) የሚሰጠውን ጥበቃ ፒኤች 3.5 ላይ ለማግኘት 40፣ 3.8 ላይ ደግሞ ወደ 80 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል። እንግዲህ «ለአንድ ጋሎን አንድ የሰልፋይት ክኒን» ብሎ የሚያልፍ መጽሐፍ አንዱን ወይን ያለ ጠባቂ ይተወዋል፣ ሌላውን ደግሞ እንደተጫረ ክብሪት እንዲሸት ያደርገዋል። ደህናው መጽሐፍ ፒኤቹንና መጠኑን ጎን ለጎን በሠንጠረዥ ያስቀምጣል፤ ስሌቱንም ያሳያል። የሰልፋይቱ ዱቄት፣ ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት፣ ከክብደቱ 57 በመቶ ያህሉ ነው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚሆነው። ስለዚህ 20 ሊትር ወይን ላይ በሊትር 40 ሚሊ ግራም ለመጨመር 1.4 ግራም ዱቄት ይበቃል። ይህን ያህል በማንኪያ አይሰፈርም፤ በትንሽ ሚዛን መዝኑ የሚል ደራሲ እመኑ።

ጋሎን ካነሣን፣ መጽሐፉ የየት አገር እንደሆነ እዩ። የእንግሊዝ ጋሎን 4.55 ሊትር፣ የአሜሪካው 3.79 ሊትር ነው። አሲድም እንዲሁ ያሳስታል፦ በታርታሪክ አሲድ ሲሰላ በሊትር 6.5 ግራም አሲድ አለው የሚባለው ወይን በሰልፈሪክ አሲድ ሲሰላ 4.2 ይባላል። ወይኑ ያው አንዱ ነው። መጽሐፉ በየትኛው እንደሚያሰላ ካልነገራችሁና እናንተም ካልጠየቃችሁ፣ ምንም ያልጎደለው ወይን ላይ አሲድ ትጨምሩና ጥርስ የሚያጠርስ ታደርጉታላችሁ።

ቀጥሎ መብላላቱ ማለቁን በምን እንደሚያረጋግጥ ተመልከቱ። «አረፋው ሲቆም ጠርሙስ ውስጥ ክተቱ» የሚል መጽሐፍ አደገኛ ነው። እርሾ ቤቱ ሲቀዘቅዝም ያንቀላፋል፣ ምግብ ሲያጣም ይቆማል፤ ስኳሩ ግን እዚያው አለ። በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ በሊትር 4 ግራም ስኳር እንደገና ቢብላላ ወደ አንድ አትሞስፌር የሚጠጋ ግፊት ይፈጥራል፤ 20 ግራም ቢሆን ተራ ጠርሙስ ሊፈነዳ ይችላል። ጥሩ መጽሐፍ በሃይድሮሜትር፣ የጭማቂውን እፍጋት ከውሃ (1.000) ጋር በሚያነጻጽረው ተንሳፋፊ መለኪያ፣ ይነጋገራል፦ 1.090 ላይ የጀመረ ጭማቂ 0.995 ገደማ ሲደርስ 12.5 በመቶ ያህል አልኮል ይይዛል፣ ቁጥሩም ለተከታታይ ቀናት ሳይነቃነቅ ሲቆይ አልቋል ይባላል። መሣሪያው የተስተካከለበትን ሙቀት እንድታዩ የሚያሳስብ ከሆነማ፣ ያዙት።

ስለ ፖታሲየም ሶርቤት የሚለውንም አትለፉ። ሶርቤት እርሾ እንዳይራባ ያግዳል እንጂ ባክቴሪያን አይገታም። የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ሶርቤቱን ካገኘው ጄራንየም የሚባለውን አበባ የተቀጠቀጠ ቅጠል ሽታ ያመጣል፤ ያ ሽታ አንዴ ከገባ አይወጣም። ይህን ማስጠንቀቂያ ሳይጽፍ «ወይኑን ለማጣፈጥ ሶርቤት ጨምሩ» የሚል መጽሐፍ ጎዶሎ ነው።

የድሮ መጻሕፍት ሲነበቡ ደስ ይላሉ፤ ለሥራ ግን ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ የዳቦ እርሾ ያዝዛሉ፤ የዳቦ እርሾ ደግሞ አተላው በደንብ አይረጋም፣ አልኮሉ ሲበረታም ቶሎ ይደክማል። ፍሬውን ቀቅሉ የሚሉም አሉ፤ መቀቀል ፔክቲኑን (ማርማላታን የሚያረጋውን የፍሬ ንጥረ ነገር) ያወጣውና ወይኑ ለወራት እንደ ደፈረሰ ይቀራል። ፔክቲንን የሚሰባብረው ኢንዛይም የሚጨመረው ጭማቂው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከመብላላቱ በፊት ነው፤ ትኩሱ ላይ ከገባ ይበላሻል።

ስለ ብልሽት የሚናገረው ምዕራፍ ምክንያት ይስጥ። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ብዙ ጊዜ እርሾው ናይትሮጂን ሲያጥረው፣ ኮምጣጤነት ደግሞ አየር ሲገባ ይመጣል። «ድፉትና እንደገና ጀምሩ» ብቻ የሚል ምዕራፍ አያስተምርም።

ለመጀመሪያው ዓመት አንድ፣ ቢበዛ ሁለት መጽሐፍ ይበቃል። ለፋብሪካ ባለሙያ የተጻፈውን ቆይታችሁ ግዙት፤ ስትገዙትም መጠኑን የሚሰጠው በሄክቶ ሊትር (መቶ ሊትር) መሆኑን አትርሱ። በሄክቶ ሊትር 30 ግራም የሚል ትእዛዝ ለ20 ሊትር 6 ግራም ማለት ነው። ስሌቱን በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ጻፉት፣ ከዚያ ሚዛኑን አንሡ።

አመሰግናለሁ።