ቆንስሉ ሰርጋችሁ ላይ አልነበረም፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ዕለት ሬዲዮ ጣቢያ ገብቼ ስለ ባልና ሚስት ቪዛ የአድማጮችን ጥያቄ ስመልስ ነበር። የተሰጠን አንድ ሰዓት ነው። ስልኩ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ አላረፈም። ከሽምብጥ፣ ከግሽ ዓባይ፣ ከጣና ማዶ ከዘጌ ሳይቀር ተደወለ። ብዙዎች ተራቸው ሳይደርስ ሰዓቱ አለቀ። ከዚህ በታች ያሉት ተጣድፌ የመለስኳቸውና ጨርሶ ያልደረስኩባቸው ጥያቄዎች ናቸው። የማንንም ስም አላነሳም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ባሕር ዳር ላይ በጥብቅና ስሠራ በብዛት የሚገጥመኝ የውሸት ጋብቻ አይደለም። እውነተኛ ጋብቻ ሆኖ ወረቀቱ እርስ በርሱ የሚጣላ ነው። ሽማግሌው፣ ሚዜው፣ ድንኳኑ ለእኛ በቂ ምስክር ነው። ቆንስሉ ግን ሰርጉ ላይ አልነበረም። የሚያየው ፋይሉን ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የአሜሪካ ዜጋ ነው። የተጋባነው ጥር 19 ቀን 2016 ነው። እሱ ፎርሙ ላይ ጃንዋሪ 27 ብሎ ሞላ። ትርጉም ቤቱ ደግሞ ጃንዋሪ 28 አለ። ማን ነው የተሳሳተው?

ባለቤትሽ ነው፣ እህቴ። ግን አትቆጪው፤ ብዙ ሰው የሚስተው ቦታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥር 1 የሚውለው ጃንዋሪ 9 ላይ ነው። በ2015 ግን ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች። ስለዚህ የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ቀን ገፋ። የዚያን ዓመት ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ላይ የዋለውም ለዚህ ነው። ጥር 19 እንግዲህ ጃንዋሪ 28 ነው። በስልክ ስናወራ ሰርጋችሁ እሁድ እንደነበር ነግረሽኛል። ጃንዋሪ 28, 2024 እሁድ ነው፤ 27 ቅዳሜ ነው። በቃ፣ ተገኘ።

ፎርሙ ቀድሞ ከገባ ስህተቱን የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤ ከምስክር ወረቀቱ ቅጂ ጋር ይላክ። አደራ የምላችሁ ግን ፎርሙ ላይ ካለው ቀን ጋር ለማስማማት ብላችሁ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን እንዳታስቀይሩ። ትክክለኛውን ወረቀት ለስህተቱ ብሎ ማበላሸት ነው።

ስምሽንም በዚያው እዪው። ‘ፅጌ’ የሚለው ስም በፓስፖርት በቲ ተጀምሮ በምስክር ወረቀት በኤስ ሲጀምር አይቻለሁ። እኛ አማርኛውን እያነበብን አንድ ሰው መሆኑን እናውቃለን። እንግሊዝኛውን ብቻ ለሚያነብ ሰው ግን ሁለት ሴት ናት። ትርጉም ስታሠሪ ፓስፖርትሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ፊደሉ ከፓስፖርቱ ይቀዳ።

ሂደቱ እንዲህ ነው። ባለቤትሽ አይ-130 የሚባለውን ማመልከቻ ለአሜሪካ ኢሚግሬሽን ያስገባል። ሲፈቀድ ፋይሉ ወደ ናሽናል ቪዛ ሴንተር ይሄዳል፤ እዚያ ክፍያው፣ የመንግሥት ወረቀቶቹና የባልሽ የገቢ ማስረጃ ይሰበሰባሉ። ከዚያ የጤና ምርመራና አዲስ አበባ ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ አለ። የዜጋ ሚስት ስለሆንሽ የግሪን ካርድ ባለቤቶች ሚስቶች የሚጠብቁት ዓይነት የኮታ ወረፋ የለብሽም። የገቢው ነገር ደግሞ ቀላል አይደለም። ባልሽ ገቢው ከድህነት መስመሩ ቢያንስ 125 በመቶ መሆኑን ማሳየት አለበት። ካልደረሰ ሌላ ዋስ አብሮት መፈረም ይችላል። ያ የዋስትና ፊርማ ብትፋቱም ግዴታነቱ አይቀርም። ስለዚህ ዘመድ እንዲፈርም ስትለምኑ ምን እየፈረመ እንደሆነ በደንብ ንገሩት።

አሁን ያለውን እገዳም ልንገርሽ። አሜሪካ ከጃንዋሪ 21, 2026 ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት ለጊዜው አቁማለች። ማመልከቻ ማስገባት ግን አልተከለከለም። ‘እኔ በውስጥ መስመር አስወጣልሻለሁ’ የሚል ደላላ ከመጣ ብርሽን እንዳትሰጪው። ያንን በር የሚከፍት ደላላ የለም።

ጥያቄ፦ ባሌ ዲቪ ሲሞላ በባህል ተጋብተን ነበር፤ በክብር መዝገብ ግን አልተመዘገብንም። ‘ላጤ’ ብሎ ሞላና ደርሶት ሄደ። አሁን ዜግነት አግኝቷል። እኔን ለመውሰድ እንደ አዲስ ተጋቡ የሚሉን ሰዎች አሉ። ምን ይሻለናል?

እህቴ፣ ይሄን ስትጠይቂኝ ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሁሉም ጥያቄ ይሄ ነው እስካሁን ከጭንቅላቴ ያልወጣው።

መጀመሪያ ሕጉን እንለይ። በእኛ አገር ጋብቻ በሦስት መንገድ ይፈጸማል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት እና በባህል። ሦስቱም ጋብቻ ናቸው። ምዝገባ ማስረጃ ነው እንጂ ጋብቻውን የሚፈጥረው እሱ አይደለም። ስለዚህ ‘ወረቀት የለንም፣ አልተጋባንም’ የሚለው ነገር ለዲቪም አይሠራም። በዲቪ ሕግ ደግሞ ሲሞላ ሚስት እያለችው ያላስገባ ሰው ጉዳዩ በሙሉ ውድቅ ይሆናል።

ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ እሱን በጥንቃቄ መልሱት። በዚያን ጊዜ የሆነው በእርግጥ ጋብቻ ነው ወይስ መተጫጨት? ሽማግሌ ተልኮ፣ ቃል ተሰጥቶ፣ ቀለበት ታስሮ ሰርጉ ለሌላ ጊዜ የተቀጠረ ከሆነ እጮኝነት ነው። እጮኛን ደግሞ ዲቪ ላይ እንደ ሚስት መጻፍ አይቻልም። ሰርጉ ተደግሶ፣ ሙሽራዪት ወጥታ፣ አብራችሁ ቤት ከያዛችሁ ግን ጋብቻ ነው። ይሄን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እንዲመቻችሁ ብላችሁ አንዱን በሌላው አትለውጡት።

ጋብቻ ከነበረ ጉዳዩ ከአንቺ ቪዛ በላይ ነው። የባልሽ ግሪን ካርድ፣ ከዚያም ዜግነቱ የቆመው በዚያ ፎርም ላይ ነው። እውነትን ደብቆ የተገኘ ዜግነት በፍርድ ቤት ሊሰረዝ ይችላል። አሁን እንደ አዲስ ተጋብታችሁ አዲስ ቀን ብትጽፉ በአንዱ የተሳሳተ መልስ ላይ ሁለተኛ መደረብ ነው። ያኛው አንድ ሰው የሠራው ነበር፤ ይሄኛው ላይ አንቺም ትፈርሚያለሽ። በአሜሪካ ሕግ ቪዛ ለማግኘት ብሎ ዋሽቶ የተገኘ ሰው በመርሕ ደረጃ ዕድሜ ልኩን ይከለከላል። ከክልከላው ነፃ የሚያደርግ የይቅርታ መንገድ አለ፤ ግን ለሁሉም አይደርስም።

እንግዲህ የምመክርሽ ይሄ ነው። ምንም ፎርም ከመግባቱ በፊት ባልሽ እዚያው አሜሪካ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ሄዶ ሁሉንም፣ ልጆች ካሏችሁ የልደት ቀናቸውን ጭምር፣ ሳይደብቅ ይናገር። ጠበቃ የነገሩትን ምስጢር ይጠብቃል። የልጅ ልደት ካርድ ላይ የአባት ስም አለ፤ ቀኑም አለ። ፋይሉን የሚያገላብጠው ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ከእኔ ቢሮ አንድ ባልና ሚስት እንደ አዲስ ለመጋባት ቀን ቆርጠው መጥተው ነበር። የስድስት ዓመት ልጃቸው አብሯቸው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል። እሱን እያየሁ ‘ይሄን ልጅ የት ልታደርጉት ነው?’ አልኳቸው። ሁለቱም ዝም አሉ።

ጥያቄ፦ ሚስቴ ካናዳ ናት። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ምንም ቻት የለንም። ግንኙነታችንን በምን እናስረዳ?

ወንድሜ፣ ከነሐሴ 2015 በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ እንደነበር የሚታወቅ ነው። ክፍተቱን ዝም ብላችሁ አትለፉት። ከማመልከቻው ጋር በአንድ ገጽ ጻፉት፦ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ኢንተርኔት አልነበረም፤ በመደበኛ ስልክ እንገናኝ ነበር። ሚስትህ ከስልክ ድርጅቷ የጥሪ ዝርዝሯን ታውጣ። በባንክ የላከችው ሐዋላ ደረሰኝ ካለ ይግባ። መጥታ ከነበረ የፓስፖርቷ ማኅተምና የአውሮፕላን ትኬቱ ይግባ። ፎቶ ከሆነ አርባ የሰርግ ፎቶ አያስፈልግም። ከእናትህ ጋር ቡና ስትጠጣ የተነሳች፣ ለፋሲካ የመጣች ጊዜ፣ ለቅሶ ቤት አብራችሁ የተቀመጣችሁበት ይበልጣል። ከኋላው ቀኑንና የሰዎቹን ማንነት ጻፉበት።

ጥያቄ፦ ከቀድሞ ትዳሬ የ16 ዓመት ልጅ አለችኝ። አሁን ያገባሁት ሰው የአሜሪካ ዜጋ ነው። በእኔ ፋይል አብራኝ ትሄዳለች?

በአንቺ ፋይል አትሄድም። ብዙ እናት ይሄን የምታውቀው ዘግይታ ነው። ዜጋ ለሚስቱ የሚያስገባው ማመልከቻ ልጅ አያስከትልም። ባልሽ ለእሷ ለብቻዋ አይ-130 ማስገባት አለበት። የእንጀራ ልጁ ሆና እንድትቆጠር ደግሞ እናንተ የተጋባችሁት 18 ዓመት ሳይሞላት መሆን አለበት። ያ ተሟልቶልሻል። ሁለቱን ማመልከቻ አንድ ላይ አስገቡ።

ጥያቄ፦ እህቴ በትዳር አሜሪካ ከሄደች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። ባሏ ይመታታል። ‘ወረቀትሽ በእጄ ነው፣ አስመልስሻለሁ’ ይላታል። እውነት ነው?

አይደለም። ዛሬውኑ ደውልላት።

ትዳሩ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አሜሪካ የገባች ሚስት የምታገኘው ካርድ ለሁለት ዓመት ነው። ካርዱ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስት የካርዱን የሁለት ዓመት ገደብ ለማስነሳት አይ-751 የሚባለውን ማመልከቻ አብረው ያስገባሉ። ሰውዬው የሚያስፈራራት በዚህ ‘አብረው’ በሚለው ቃል ነው። ነገር ግን ትዳሩን በቅን ልቦና ገብታበት የተመታች ወይም የተፋታች ሚስት ብቻዋን ማስገባት ትችላለች። የእሱ ፊርማ አያስፈልጋትም። ለፖሊስ ካመለከተች ወረቀቱን፣ ሐኪም ቤት ከሄደች የሐኪሙን ማስረጃ፣ አብረው የኖሩበትን ማስረጃ ሁሉ ከቤት ውጭ፣ የምታምናት ጓደኛ ጋ ታስቀምጥ። ፓስፖርቷንም። ቤተሰብ ደግሞ ‘ቻይው፣ ወረቀትሽን እስክታገኚ’ አትበሏት። ስልኳን ስታነሳ የመጀመሪያው ቃላችሁ ‘ደህና ነሽ?’ ይሁን እንጂ ‘ካርዱስ?’ አይሁን።

ጥያቄ፦ እኔ ባሕር ዳር ነኝ። ባለቤቴ ሆላንዳዊት ናት፤ እዚሁ ልንኖር ነው። ኢትዮጵያዊት መሆን ትችላለች? ልጃችን በሁለት ወር ውስጥ ይወለዳል።

ሁሉም ስለመሄድ ሲጠይቅ አንተ ስለመኖር ስለጠየቅህ ደስ ብሎኛል።

ድሮ በ1922ቱ የዜግነት ሕግ ኢትዮጵያዊ ያገባች የውጭ አገር ሴት በጋብቻው ብቻ ኢትዮጵያዊት ትሆን ነበር። የውጭ አገር ሰው ያገባች ኢትዮጵያዊት ደግሞ የባሏን ዜግነት ካገኘች የራሷን ታጣ ነበር። አሁን ሁለቱም የሉም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ላይ ኢትዮጵያዊ ወንድም ሆነ ሴት የውጭ ዜጋ በማግባቱ ዜግነቱን አያጣም ይላል። ባለቤትህን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 378/1996 ነው። ከተጋባችሁ ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ ከማመልከቷ በፊት ደግሞ ቢያንስ አንድ ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ መኖር አለባት። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ የሆላንዱን መልቀቅ ይጠበቅባታል። ይሄን ተነጋገሩበት፤ በአንተ ግፊት የሚወሰን አይደለም። ዜግነቷን ሳትለቅ በመኖሪያ ፈቃድ መኖር ትችላለች። መሥራት ከፈለገች ግን የጋብቻ ወረቀቱ የሥራ ፈቃድ አይሆንላትም፤ ለብቻው ይወጣል።

ልጁ ግን ምንም ማመልከቻ አያስፈልገውም። አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ ወሳኝ ኩነት ሄደህ ልደቱን አስመዝግብ። የአንተን መታወቂያ፣ የእናቱን ፓስፖርትና የሆስፒታሉን ወረቀት ያዝ። የእናቱን ስም ከፓስፖርቷ ፊደል በፊደል እያየህ አስጽፍ፤ ማኅተሙ ከመመታቱ በፊትም አንዴ ቆመህ አንብበው።