ማሽኑ አጠገብ ቆሜ የተማርኩት

(በጅማ፣ የግራፊክ ዲዛይን ተማሪዎች የሥራ ዐውደ ርዕይ ሲከፈት በአንዲት ተመራቂ ተማሪ የቀረበ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ! አካም ጅርቱ!

መምህራኖቻችን፣ ማተሚያ ቤታችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እናቶችና አባቶች፣ ጓደኞቼ፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በዚህ ዝናብ ትቀራላችሁ ብዬ ሰግቼ ነበር። ለነገሩ ጅማ ላይ ዝናብ የፈራ ሰው የትም አይደርስም።

ግራፊክ ዲዛይን ነው የምማረው ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። “ዌብሳይት ትሠሪያለሽ?” አይ፣ እኔ ህትመት ነው የምፈልገው ስል ያዝኑልኛል። አጎቴ “ወረቀት እኮ ቀረ፣ አሁን ሁሉም ነገር ስልክ ላይ ነው” ብሎኛል። ይህን ሲለኝ የሠርግ ጥሪ ካርድ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር።

ከሒርማታ ገበያ ተነስታችሁ በእግራችሁ ትንሽ ሂዱ። የታሸገ ቡና፣ የማር ዕቃ ላይ የተለጠፈ ስም፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ የፋርማሲ ከረጢት፣ ባነር፣ ባጃጅ ላይ የተለጠፈ ስቲከር። እያንዳንዱን አንድ ሰው ዲዛይን አድርጎታል። አንዳንዱን ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ማንም ዲዛይን አላደረገውም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

የመጀመሪያ ሥራዬ 500 የምርቃት ጥሪ ካርድ ነበር። ኮምፒውተሬ ላይ በጣም ያምራል። ጥቁሩ ይበልጥ እንዲጠቁርልኝ ብዬ ከአራቱም ቀለም ቀላቀልኩት። በኦፍሴት ህትመት ሰማያዊው፣ ሮዙ፣ ቢጫውና ጥቁሩ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፕሌት፣ ማለትም የማተሚያ ሰሌዳ፣ አላቸው። ወረቀቱ ላይ የሚያርፉት በየተራ ነው። አንዱ ፕሌት የፀጉር ያህል ከሸሸ ትልቅ ርዕስ ላይ ማንም ልብ አይልም። ቀጭን ፊደል ላይ ግን ጉድ ይፈላል። የእኔ ካርድ ላይ የተመራቂው ስም በአንድ በኩል ሰማያዊ፣ በሌላ በኩል ሮዝ ጠርዝ አውጥቶ መጣ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ጋሼ አንዱን አንስተው በብርሃን አዩትና “ልጄ፣ ትንሽ ጽሑፍ በጥቁር ብቻ ነው” አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን እዚያ ማተሚያ ቤት መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ወረቀት መቁጠር ብቻ ነበር ሥራዬ። ግን ክፍል ውስጥ በቃል የያዝኩት ነገር እዚያ ገባኝ። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው። ወረቀት ላይ ያለው ግን ቀለም ነው፣ ብርሃን የለውም። ስለዚህ ስክሪን ላይ የሚያበራው የቡና ቅጠል አረንጓዴ ሲታተም ይደበዝዛል። ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም። ያን አረንጓዴ አራቱ ቀለሞች ተቀላቅለው አያወጡትም።

ስለ ወረቀት ደግሞ ጅማ ራሷ ታስተምራለች። ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፣ ሲጠጣም ይሰፋል። ጥቅሉ ተከፍቶ ካደረ ጠዋት ጫፉ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ዛሬ አንዱን ቀለም አትማችሁ ሌላውን ለነገ ካቆያችሁት ላይገጥም ይችላል፤ ወረቀቱ የትናንቱ ወረቀት አይደለማ! ጋሼ የወረቀት ጥቅል በፕላስቲክ ሳይሸፍኑ ወደ ቤታቸው አይሄዱም።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልጨምር። “80 ግራም ወረቀት” ሲባል አንዱ ቅጠል 80 ግራም ይመዝናል ብዬ አምን ነበር። 80 ግራም የሚመዝነው አንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ነው። አንድ ኤ4 የዚያ 16ኛ እጅ ስለሆነ 5 ግራም ብቻ ነው። ይህን ያወቅሁት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። መምህሮቼ አሁን ነው የሚሰሙት።

የቡና ማሸጊያው ታሪክም አለ። የተቆላ ቡና ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ጥሩው ማሸጊያ ጋዙን የሚያስወጣ፣ አየር ግን የማያስገባ ትንሽ ቫልቭ አለው። እኔ ጀበና ሳልኩ፣ በጣም ተጠበብኩበት። ናሙናው ሲመጣ ቫልቩ የጀበናው ሆድ መሐል ላይ ተቀምጧል። ጀበናዬ እምብርት አወጣች። አሁን እርሳስ ከማንሳቴ በፊት ባዶውን ማሸጊያ እለምናለሁ። የት ይታጠፋል? የት ይታሸጋል? ቀዳዳው የት ነው? እዚሁ ከተማችን የሚሠራውን በርጩማ ማን በፎቶ ይገመግመዋል? ቁጭ ይሉበታል እንጂ።

የከተማችን ሌላው ፈተና ቋንቋ ነው። እዚህ አንድ ባነር ላይ የአማርኛው ፊደልና የአፋን ኦሮሞው ቁቤ ጎን ለጎን ይቆማሉ። “እንኳን ደህና መጡ” በፊደል 9 ሆሄ ነው። ያው ሰላምታ፣ “በጋ ነጋን ዱፍተን”፣ በቁቤ ሲጻፍ 17 ይሆናል። ብዙዎቻችን መጀመሪያ አማርኛውን አሳምረን እንጨርስና ቁቤውን በተረፈው ቦታ እናጭቀዋለን። ወይም ደግሞ በተቃራኒው። ይህ ለእኔ የቦታ ጥያቄ ብቻ አይደለም፣ የአክብሮትም ነው። የታጨቀበት አንባቢ ወዲያው ያውቀዋል። አሁን ረጅሙን አስቀድሜ አስቀምጣለሁ። ሁለቱን በአንድ የፊደል መጠን መጻፍም አይበቃም፤ ፊደላችን ትንሽና ትልቅ ሆሄ ስለሌለው ከቁቤው ትንንሽ ሆሄያት ገዝፎ ይታያል። በዓይን ማስተካከል ነው።

ለታናናሾቼ በአጭሩ፦ ቀለሙን ከመቁረጫው መስመር 3 ሚሊ ሜትር አሳልፉት፣ አለበለዚያ ነጭ ጠርዝ ይወጣል። በስቴፕል የሚያዝ መጽሔት የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት፣ 18 ገጽ ይዛችሁ አትሂዱ። የድሮ የአማርኛ ፎንት የተጠቀማችሁበትን ፋይል ጽሑፉን ወደ ከርቭ፣ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ፣ ሳትቀይሩ በፍላሽ አትስጡ፣ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ የእንግሊዝኛ ትርምስ ሆኖ ይከፈታል። ሎጎም በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላኩ፣ በፋይል ላኩት። እባካችሁ።

ማተሚያ ቤት ያላችሁ፣ ሁለት ልመና አለኝ። አንደኛ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሁለት ተማሪ ማሽኑ አጠገብ እንዲቆም ፍቀዱ። እንጠርጋለን፣ እንቆጥራለን፣ አትንኩ የተባልነውን አንነካም። ሁለተኛ፣ ከመቁረጫው ሥር የሚወድቀውን ቁርጥራጭ አትጣሉት። ለእናንተ ቆሻሻ ነው፣ ለእኛ የልምምድ ወረቀት ነው። በማዳበሪያ አድርጋችሁ ደውሉልን፣ በባጃጅ መጥተን እንወስዳለን።

ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥራዎች በእጃችሁ መንካት ትችላላችሁ፣ አትንኩ የሚል ጽሑፍ አልለጠፍንም። የተበላሸው ጥሪ ካርዴም መግቢያው ላይ በስተግራ ተሰቅሏል። ጠጋ ብላችሁ ስሙን አንብቡት፤ መነጽር ያላችሁ አድርጉ።