ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት፦ የታመመ ኮምፒውተርን በራሱ መሣሪያዎች ማዳን

(በስክሪኑ ላይ፦ በጥቁር ገጽ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ይሽከረከራሉ። ለአምስት ሰከንድ ድምፅ የለም።)

እነዚህን ነጥቦች ለሃያ ደቂቃ አፍጥጦ የተመለከተ ሰው ቀጥሎ የሚሰማው ምክር ብዙውን ጊዜ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው፤ ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ማለት ነው። ፎርማት ያድናል፤ አይካድም። ጣሪያው አፈሰሰ ብሎ ቤቱን አፍርሶ እንደ መሥራት ነው እንጂ። እኔም አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ፋይል ስገለብጥና ፕሮግራም ስጭን ከርሜ፣ በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተሩ እንደ ቀድሞው በሥራ መሃል ይጠፋ ጀመር። ጥፋቱ የአንድ የፕሪንተር ድራይቨር፣ ማለትም ፕሪንተሩን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር ነበር። እሱንም ከሌሎቹ ጋር በገዛ እጄ መልሼ ጭኜዋለሁ።

ዛሬ የምናያቸው ዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች ናቸው። ከውጭ የምናወርደው ነገር የለም። ከሁሉ በፊት ግን መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ኮምፒውተሩ ከመበላሸቱ በፊት ምን ተለወጠ?

ኮምፒውተራችሁ እየተንገዳገደም ቢሆን የሚከፈት ከሆነ መልሱን ራሱ ይነግራችኋል። በመፈለጊያው ሳጥን «ሪላየቢሊቲ» ብላችሁ ጻፉና «ቪው ሪላየቢሊቲ ሂስትሪ» የሚለውን ክፈቱ።

(በስክሪኑ ላይ፦ በቀናት የተከፋፈለ ሠንጠረዥ፤ ሰማያዊ መስመር ከፍ ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ቀያይ ምልክቶች ይታያሉ።)

ይህ መሣሪያ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮን የኖረ ነው፤ ሲወደስ ግን ሰምቼ አላውቅም። ለኮምፒውተሩ በየቀኑ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጠዋል። ቀዩ ምልክት አንድ ነገር የወደቀበትን ቀን ያሳያል። ሰማያዊው ደግሞ ፕሮግራም፣ ድራይቨር ወይም ማሻሻያ የተጫነበትን ይመዘግባል። ቀዩ ከጀመረበት ቀን ወደ ኋላ አንድ ሁለት ዓምድ ተራመዱና ሰማያዊውን ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ተጠርጣሪው እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። እኔ ያን ጊዜ ይህን ሠንጠረዥ ባውቀው ኖሮ ሁለቱ ቀናት ይተርፉልኝ ነበር።

ዊንዶውስ ጨርሶ አልከፈት ካለስ? በዲስኩ ላይ ለብቻዋ የተቀመጠች ትንሽ የማገገሚያ ሥርዓት አለች። ዋናው ዊንዶውስ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መነሣት ሲያቅተው ብዙውን ጊዜ በራሷ ትመጣለች። ካልመጣች ኮምፒውተሩ መነሣት ሲጀምር የማብሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ በመያዝ አጥፉት፤ ይህንኑ ድገሙት፤ በሦስተኛው ጊዜ ሰማያዊው የምርጫ ገጽ ይወጣል። ዊንዶውስ የሚከፈት ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ትግል አያስፈልግም፤ የሺፍትን ቁልፍ እንደያዛችሁ «ሪስታርት» የሚለውን መጫን ይበቃል።

ከዚያ «ትራብልሹት»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»። «ስታርትአፕ ሪፔር» የሚለውን አንድ ጊዜ ሞክሩት። ከሠራ ሠራ፤ ካልሠራ አትደጋግሙት። የማነሻ ፋይሎች ሲበላሹ ይረዳል፣ ከዚያ ውጭ ብዙ ተስፋ አይጣልበትም።

እኔ የማምነው ከእሱ ጎን ያለውን «ስታርትአፕ ሴቲንግስ» ነው። ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣ ቁጥር 4ን ስትጫኑ ወደ ሴፍ ሞድ ትገባላችሁ። ሴፍ ሞድ ማለት ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች ብቻ ይዞ የሚነሣበት መንገድ ነው። እዚያ ውስጥ ኮምፒውተሩ ደኅና ከሆነ፣ የዊንዶውስ መሠረት አልተነካም፤ በላዩ የተጨመረ አንድ ነገር ነው የሚያውከው። ግቡና የጠረጠራችሁትን አጥፉት።

ይህ ዘዴ ለቤት ኮምፒውተር ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ ያሰራጨው አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮችን ዊንዶውስ ሲወድቅ በሚያሳየው ሰማያዊ የስህተት ስክሪን ላይ ጣላቸው። አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አዘገዩ። የተነገረው መፍትሔ ምን ነበር? ወደ ሴፍ ሞድ ወይም ወደ ማገገሚያው ገጽ ገብቶ ያንን የተበላሸ ፋይል መሰረዝ። ፎርማት የሚል ቃል የለበትም።

በዚያን ቀን ብዙ የጥገና ባለሙያዎችን ያላበው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ማገገሚያው ገጽ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። በማይክሮሶፍት አካውንት የምትጠቀሙ ከሆነ ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አካውንት ውስጥ ተቀምጧል፤ በስልካችሁ ገብታችሁ ታነቡታላችሁ። ኮምፒውተሩ ጤነኛ ሳለ አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ብትጽፉት ደግሞ ይበልጥ ያዋጣል።

አሁን ወደ ሲስተም ሪስቶር። የሥርዓቱን ፋይሎች፣ ድራይቨሮችንና ፕሮግራሞችን ወደ አንድ ያለፈ ቀን ይመልሳል፤ ፎቶዎቻችሁንና ሰነዶቻችሁን አይነካም። ከዚያ ቀን በኋላ የጫናችሁት ፕሮግራም ግን ይሄዳል፤ የትኛው እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚዘረዝር ቁልፍ እዚያው መስኮት ላይ አለ። ጉድለቱ አንድ ነው፦ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ጠፍቶ ይገኛል። ካልበራ የሚመለሱበት ቀን የለም። ይህን ቪዲዮ በደኅና ኮምፒውተር እያያችሁ ከሆነ አቁሙትና «ክሪኤት ኤ ሪስቶር ፖይንት» ብላችሁ ፈልጉ፤ አብሩት፤ እጠብቃችኋለሁ።

(በስክሪኑ ላይ፦ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት፤ ትእዛዞቹ በትልልቅ ፊደላት ይታያሉ።)

ዊንዶውስ ይከፈታል፣ ነገር ግን መስኮቶቹ ይደርቃሉ፣ ቅንብሮቹ አይከፈቱም እንበል። ኮማንድ ፕሮምፕትን፣ ይህን የትእዛዝ መስኮት፣ በአስተዳዳሪ መብት ክፈቱ። የሚጻፉት ትእዛዞች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ዲአይኤስኤም ነው፤ የዊንዶውስን የመለዋወጫ ፋይሎች መጋዘን ይጠግናል፤ የጎደለውን ከኢንተርኔት ያመጣል። ሁለተኛው ኤስኤፍሲ ይባላል፤ ከዚያ መጋዘን ጤነኛ ፋይል እያወጣ የተበላሸውን ይተካል። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፤ መጋዘኑ ራሱ ከተበላሸ ኤስኤፍሲ ከየት ያመጣል? የሂደቱ መቶኛ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ቢቀር መስኮቱን አትዝጉት። ቡና አፍሉ።

ሌላ ሦስተኛ ትእዛዝም አለ፤ ዲስኩን ለስህተት የሚፈትሸው ቼክዲስክ፤ ስለ እሱ ከማስጠንቀቂያ በቀር ብዙ አልልም። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወይም ፋይል ለመክፈት ደቂቃዎች ከወሰደበት፣ ቼክዲስክን አታስነሡበት። ሊሞት የተቃረበ ዲስክ ላይ ለሰዓታት የሚቆይ ፍተሻ መጫን መጨረሻውን ያፋጥናል። ፋይላችሁን አስቀድማችሁ አውጡ።

ዊንዶውስ ሳይከፈት ፋይል እንዴት ይወጣል? ከሁሉ የምወደው ዘዴ ይህ ነው። በማገገሚያው ገጽ ኮማንድ ፕሮምፕትን ክፈቱና «ኖትፓድ» ብላችሁ ጻፉ። ያቺ ተራ የጽሑፍ ማስታወሻ ትከፈታለች። «ፋይል»፣ ከዚያ «ኦፕን» በሉ፤ ከታች የፋይል ዓይነቱን «ኦል ፋይልስ» አድርጉት። አሁን መላው ዲስክ ፊታችሁ ነው። ፎልደሩን በቀኝ ጠቅታ ቅዱና የሰካችሁት ፍላሽ ላይ ለጥፉት። የዲስኮቹ ፊደል ከለመዳችሁት ሊለይ ይችላል፤ «ሲ» የነበረው «ዲ» ቢሆን አትደንግጡ። በምትገለብጡበት ጊዜ የሂደት መስኮት ላይታይ ስለሚችል በትዕግሥት ጠብቁ።

ፋይሉ ከወጣ በኋላ «ሪሴት ዲስ ፒሲ» አያስፈራም። «ኪፕ ማይ ፋይልስ» ሰነዶቻችሁን ትቶ ፕሮግራሞቹን ያነሣል፤ የተነሡትን ዝርዝር ዴስክቶፑ ላይ ይተውላችኋል። «ክላውድ ዳውንሎድ» ደግሞ 4 ጊጋባይት ገደማ አውርዶ ዊንዶውስን ከአዲስ ፋይል ይተክላል፤ ዲስኩ ላይ ያለው ቅጂ ራሱ ሲጠረጠር የሚመረጠው እሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኮምፒውተሩ በስህተት ስክሪን መውደቁን ካልተወ ሶፍትዌሩን ተዉት። በመፈለጊያው «ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» ብላችሁ ፈልጉና ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ራሱን ይፈትሽ። ስህተት አገኘሁ ካለ ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ከኤሌክትሪክ ንቀሉ፣ ሜሞሪዎቹን ለየብቻ እየሰካችሁ ፈተናውን ድገሙት። ስህተቱን ይዞ የሚመጣው የትኛው እንደሆነ ሲታወቅ የሚቀየረው እሱ ብቻ ነው።